ተመላሽ አለዎት የሚለው ኢሜይል

አሁንስ በዛ! ደግሞ ሌላ ኢሜይል መጣ። «የግብር ተመላሽ ገንዘብ አለዎት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልጠየቁ ይሰረዛል» ይላል። ዓርማው ቁርጥ የግብር መሥሪያ ቤቱን ነው። የላኪውን ስም ነካ አድርጋችሁ ሙሉ አድራሻውን ስታዩት ግን ከመንግሥት ጋር ምንም አይገናኝም። ስማችሁን እንኳ አያውቁም፤ «ውድ ግብር ከፋይ» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሊንኩ የሚወስደው ቅጽ ነው። የካርድ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ከጀርባው ያሉት 3 ቁጥሮች ሳይቀሩ ይጠየቃሉ። ገንዘብ ልስጥህ ያለ አካል እነዚያ ቁጥሮች ምን ያደርጉለታል? እነሱ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል አያስፈልጉም! ቀጥሎ በስልክ የሚላከውን የማረጋገጫ ኮድ አምጡ ይላል። እሱን መስጠት በገዛ እጅ ሂሳብን ማስረከብ ነው።

ጊዜውንም አውቀው ነው የሚመርጡት፤ ሰው እውነተኛ ተመላሽ በሚጠብቅበት ሰሞን። ቶሎ የሚሸወደው ደግሞ ገንዘቡ የቸገረው ሰው ነው። አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው።

እባካችሁ ሊንኩን አትንኩት። የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡና ተመላሽ እንዳላችሁ እዚያው እዩ። የካርድ ቁጥሩን የሰጠ ካለ ነገ አይበል፤ አሁኑኑ ባንኩ ጋ ደውሎ ካርዱን ያሳግድ።