ይገልበጥ ወይስ ይጽና? የኤንሴላዱስና የዩራነስ ቅደም ተከተል በክርክር

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2022 ባወጡት የአሥር ዓመት የፕላኔት ምርምር ምክረ ሐሳብ ላይ፣ ከትልልቆቹ አዳዲስ የሰው አልባ መንኮራኩር ተልዕኮዎች ቀዳሚው ወደ ባለ ቀለበቱ ፕላኔት ወደ ዩራነስ የሚጓዘው እንዲሆን፣ የሳተርን ጨረቃ በሆነችው በኤንሴላዱስ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ሁለተኛውን ቦታ እንዲይዝ መክረዋል። ከዚህ በታች የሚከራከሩት ሁለት ጸሐፍት የሚለያዩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ አንዱ ይገልበጥ ይላሉ፣ ሌላው ይጽና ይላሉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይገልበጥ ባይ

ኤንሴላዱስ ከዳር እስከ ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትሰፋ፣ ዙሪያዋን በበረዶ የተሸፈነች ትንሽ ጨረቃ ናት። በ2005 መጀመሪያ ላይ ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በአጠገቧ ስታልፍ፣ የመግነጢስ መለኪያው የሳተርን መግነጢሳዊ መስክ በጨረቃዋ አጠገብ አንዳች ነገር የገፋው ይመስል ጎብጦ አገኘው። በሚሼል ዶኸርቲ የሚመራው የመለኪያው ቡድን ይህች ምልክት በዋዛ መታለፍ የለባትም፣ ጠጋ ብለን ማየት አለብን ብሎ ሞገተ፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ሊደረግ ታስቦ የነበረው የጁላይ ጉዞም ወደ 173 ኪሎ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደረገ። በደቡብ ዋልታዋ ላይ እያንዳንዳቸው 130 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝሙ አራት ትይዩ ስንጥቆች ተገኙ፤ የውሃ እንፋሎትና የበረዶ ቅንጣት ወደ ጠፈር የሚፈናጠረውም ከእነዚሁ ስንጥቆች መሆኑ ታወቀ። የሳተርን ውጫዊ የሆነው ሰፊና ስስ ቀለበት እንኳ የሚመገበው ከዚህ ፍንጣቂ ነው፤ አንዲት ትንሽ ጨረቃ ለታላቅ ፕላኔት ቀለበት ስትሠራ ማየት ለእኔ እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የተገኘው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክት ነው። ቅንጣቶቹ ጨው አላቸው፤ ስለዚህ ከበረዶው በታች ያለው ውሃ ከድንጋይ ጋር ይነካካል። በውስጣቸው የተገኘው ረቂቅ የሲሊካ ብናኝ የሚፈጠረው ሙቅ ውሃ በድንጋይ መካከል ሲመላለስ ነው። በ2015 መንኮራኩሯ በ49 ኪሎ ሜትር ከፍታ ፍንጣቂውን ሰንጥቃ ስታልፍ ሃይድሮጅን አገኘች፤ በምድራችን ጥልቅ ባሕር ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት ከሚመገቡት አንዱ ይህ ጋዝ ነው። በ2023 ደግሞ ከዚያው ከካሲኒ መረጃ ውስጥ ለሕይወት አስፈላጊ የሆነው ፎስፌት ተነበበ። ውሃ፣ ሙቀት፣ ምግብ የሚሆን ኬሚካል፣ ካርቦን አዘል ውህድ፤ ቀሪው ጥያቄ ሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለው ብቻ ሆኗል።

ይህን ጥያቄ ካሲኒ ልትመልስ አልቻለችም፤ መሣሪያዎቿ የተነደፉት ፍንጣቂው መኖሩ ከመታወቁ ከዓመታት በፊት ነበርና። ጋዙን የሚመዝነው መሣሪያዋ ከ99 የአቶም ክብደት መለኪያ በላይ የሆነን ሞለኪውል ማንበብ አይችልም ነበር፤ ትልልቆቹ ሲመጡ የሚደርሰው ስብርባሪያቸው ብቻ ነበር። ዛሬ ከዚያ እጅግ የተሻለ መሣሪያ መሥራት ይቻላል። የጁፒተር ጨረቃ በሆነችው በዩሮፓ ላይ ከበረዶው በታች ያለውን ውቅያኖስ ለማግኘት ኪሎ ሜትሮች የሚወፍር በረዶ መብሳት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ኤንሴላዱስ ግን ውሃዋን ራሷ ደጅ ድረስ አውጥታ ትሰጣለች። ይህን ትቶ እስከ ዩራነስ መሄድ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብትን መጣል ነው።

ይጽና ባይ

ባልደረባዬ ስለ ኤንሴላዱስ ከተናገሩት አንዱንም አልክድም። እኔ የምለው ግን ይህን ሁሉ ያወቅነው ካሲኒ በሳተርን ምህዋር ውስጥ ከ2004 እስከ 2017 ድረስ 13 ዓመት ስለቆየች ነው። ያ ጎብጦ የታየ መግነጢሳዊ መስክ ትርጉም ያገኘው መንኮራኩሯ ተመልሳ ማየት ስለቻለች ነው። ዩራነስ ግን ይህን ዕድል አንድ ቀን እንኳ አላገኘም። የሰው ልጅ መሣሪያ በአጠገቡ ያለፈው አንዴ ብቻ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1986 ነው፤ እርሱም ቮዬጀር 2 ወደ ኔፕቱን ስታልፍ እግረ መንገዷን ነው።

ያች አንድ ቀን ምን ያህል ጠባብ እንደነበረች ላሳይ። በዚያ ርቀት የፀሐይ ብርሃን ከምድር ይልቅ 370 ጊዜ ገደማ ስለሚደክም ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት መቆየት ነበረበት፤ መንኮራኩሯ ደግሞ በዚያ ፍጥነት እየበረረች ስለነበር ምስሉ ሁሉ ይደበዝዝ ነበር። ካሜራውን የተሸከመው ክንድ ከሳተርን በኋላ አንዴ ተጣብቆ ስለነበረ መሐንዲሶቹ በፍጥነት ሊያዞሩት አልደፈሩም፤ ስለዚህ ከምድር በላኩት ትእዛዝ መላ መንኮራኩሯ ቀስ እያለች እንድትዞርና ሚራንዳ የተባለችውን ጨረቃ በዓይኗ እንድትከተል አደረጓት። 470 ኪሎ ሜትር በምትሰፋው በዚያች ጨረቃ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወርድ ገደል ያየነው በዚህ ብልሃት ነው። ያየነው ግን ግማሿን ብቻ ነው። ዩራነስ በጎኑ ተጋድሞ ፀሐይን በ84 ዓመት የሚዞር በመሆኑ፣ በ1986 የእርሱም የጨረቃዎቹም ደቡባዊ ገጽ ወደ ፀሐይ ዞሮ ነበር፤ ሰሜናዊው ገጽ ለረጅም ዓመታት በሚዘልቅ ሌሊት ውስጥ ነበር።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ2024 የታተመ አንድ ጥናት የቮዬጀርን መረጃ እንደገና ሲመረምር፣ መንኮራኩሯ ከመድረሷ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ኃይለኛ የፀሐይ ነፋስ የዩራነስን መግነጢሳዊ ከለላ ጨምድዶት እንደነበረ አሳይቷል፤ ከለላው እንዲያ ሆኖ የሚገኘው ከጊዜው በ4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እኛ ግን ለ38 ዓመታት ያን ቀን የታየውን የፕላኔቱ የዘወትር ጠባይ አድርገን አስተምረናል። በዚያ ከለላ ውስጥ ከውሃ የመጣ ቅንጣት አለመታየቱም ጨረቃዎቹ በረዶ ብቻ የሆኑ ሙት ዓለማት ናቸው ለሚለው ግምት ደጋፊ ሆኖ ቆይቷል። ምናልባት ቅንጣቱ ያን ሰሞን በነፋሱ ተጠርጎ ወጥቶ ይሆናል። እንግዲህ ከጨረቃዎቹ መካከል ኤሪየል ወይም ቲታኒያ ከበረዷቸው ሥር ውቅያኖስ የላቸውም ማን ይላል?

ቀለበቶቹም እንደ ሳተርን ሰፊና ብሩህ ሳይሆኑ ቀጫጭንና እንደ ከሰል የጠቆሩ ናቸው፤ በ1977 የታወቁትም አንድ ኮከብ ከፕላኔቱ ጀርባ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ደጋግሞ ብልጭ ድርግም በማለቱ ነው። ቅርጻቸውን ጠብቀው እንዲቆዩ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነ ለአብዛኞቹ ገና አልተፈታም። በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ከተገኙት በሺዎች ከሚቆጠሩ ፕላኔቶች መካከል በጣም ብዙዎቹ በምድርና በኔፕቱን መካከል ያለ መጠን አላቸው፤ የእነዚያን ዘመዶች ለማወቅ ደጃችን ላይ ያሉን ምሳሌዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዩራነስና ኔፕቱን።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ፤ የክርክሬ አንኳር ይህ ነውና። ቮዬጀር ያላየችው ሰሜናዊ ገጽ ዛሬ በብርሃን ላይ ነው፤ ከ2050 ገደማ ጀምሮ ግን ዳግም ወደ ጨለማ ይገባል። በ2030ዎቹ መጀመሪያ ተነሥቶ በጁፒተር ስበት ተገፍቶ ለሚሄድ መንኮራኩር ጉዞው 13 ዓመት ያህል ነው። ኤንሴላዱስስ? የደቡብ ዋልታዋ ከ2039 ገደማ እስከ 2050ዎቹ አጋማሽ በክረምት ጨለማ ውስጥ ይሆናል። ለማረፍ የሚመቸው ብርሃን ሲመለስ ብትጎበኝ የሚጎድልባት ነገር የለም።

ይገልበጥ ባይ

ስለ ጨለማው የተባለው አያሳምነኝም። ካሲኒ በ2015 ፍንጣቂውን ሰንጥቃ ያለፈችው የደቡብ ዋልታው ከ2009 ጀምሮ በክረምት ሌሊት ውስጥ ሳለ ነው። ውሃን ለመቅመስ ብርሃን አያስፈልግም፤ ኃይሉ የሚመጣው ከፕሉቶኒየም ነው፤ የሚወርደው የበረዶ ቅንጣትም በጨለማም ይወርዳል። ለማረፊያ የሚሆን ቦታ መምረጥ ይከብዳል ቢባል እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የታቀደው ተልዕኮ ከማረፉ በፊት ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በጨረቃዋ ዙሪያ እየዞረ ከምህዋር ሆኖ ናሙና የሚሰበስብ ነው።

ወደ ዩራነስ ለመነሣት የሚመቸው የጊዜ መስኮት ግን ባልደረባዬ እንዳሉት ጠባብ ከሆነ ችግሩ ለራሳቸው ነው። በ2031 ወይም በ2032 ለመነሣት መንኮራኩሩ ዛሬ በፋብሪካ ውስጥ መሆን ነበረበት፤ የለም። ጁፒተር ከመንገዱ ከወጣ በኋላ ያለው ጉዞ ይረዝማል፤ ሰሜናዊው ገጽም በብርሃን ላይ ሳለ መድረስ አጠራጣሪ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ እንዲጸና የሚያደርገው ዋናው ምክንያት በእጃችን ላይ እየቀለጠ ሳለ ቅደም ተከተሉን ብቻ መያዝ ምን ይጠቅማል?

ይጽና ባይ

መስኮቱ እየጠበበ መሄዱን አልክድም፤ ስጋቴም ይኸው ነው። ሆኖም ባልደረባዬ ሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ብቻ ቀረ ሲሉ የ1976ቱን ቫይኪንግ ዘንግተዋል። ያን ጊዜም በማርስ አፈር ላይ ሕይወትን የሚፈልግ መሣሪያ ወረደ፤ ከሙከራዎቹ አንዱ አዎንታ የሚመስል ምላሽ ሰጠ፤ ሌላው ካርቦን አዘል ውህድ አላገኘሁም አለ፤ ክርክሩም ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። ቁርጥ ያለ መልስ ተስፋ አድርገን ስንሄድ ያልተቆረጠ መልስ ይዘን ብንመለስ፣ የሚቀጥለው ትውልድ ገንዘቡን ለማግኘት ይቸገራል።

ሌላም አለ። ካሲኒ በሴፕቴምበር 15 ቀን 2017 ወደ ሳተርን ተወርውራ እንድትቃጠል የተደረገው ነዳጇ ካለቀ በኋላ በኤንሴላዱስ ወይም በሌላዋ የሳተርን ጨረቃ በታይታን ላይ ወድቃ ከምድር የተሸከመችውን ሕዋስ እንዳታራግፍ ነው። አሁን በዚያችው ጨረቃ ላይ ሆን ብለን ልናሳርፍ እየተነጋገርን ነው።

ይገልበጥ ባይ

ቫይኪንግ የጠየቀው የማያውቀውን አፈር ነው። በዚያ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው መኖሩ የታወቀው በ2008፣ ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ካረፈች በኋላ ነው፤ ያም ጨው ሲሞቅ ካርቦን አዘል ውህዶችን ያጠፋል። በኤንሴላዱስ ግን የውሃውን ኬሚስትሪ አስቀድመን አውቀናል፤ ቫይኪንግ ከማርስ በፊት ሊኖረው ይገባ የነበረው እውቀት ይህ ነው። ስለዚህ ያ ታሪክ ለእኔ ነው የሚመሰክረው።

ስለ ብክለቱ የተባለው ግን ከባድ ነው፤ በችኮላ አላልፈውም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ምርምር ኮሚቴ እንዲህ ባለ ውቅያኖስ ላይ የብክለት ዕድሉ ከ10,000 አንድ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ስንጥቆቹ ራሳቸው ወደ ውቅያኖሱ የሚወስዱ በሮች ናቸው፤ በእነርሱ አጠገብ የሚያርፍ መሣሪያ ከየትኛውም በላይ መጽዳት አለበት። ይህ ካልተቻለ ማረፉ ይቅርና ከምህዋር ብቻ ይሥራ፤ ፍንጣቂው ወደ ላይ ስለሚመጣልን ይህን ማለት እችላለሁ።

ደግሞ ተልዕኮውን እየጠበቁ የሚያረጁት ሰዎች ናቸው። የካሲኒ ሐሳብ በ1982 ሲጠነሰስ 30 ዓመት የነበራቸው ተመራማሪ፣ መንኮራኩሯ ስትቃጠል 65 ሆነዋል። ያን ፍንጣቂ በዓይናቸው ያነበቡት ሰዎች የሚያውቁትን ለተተኪዎቻቸው የሚያስተላልፉት አብረው መሣሪያ ሲሠሩ ነው።

ይጽና ባይ

ይህን የመጨረሻውን እቀበላለሁ፤ የዩራነስ ሰዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ላይ ናቸው፤ የ1986ቱን ምሽት በመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ሆነው የተከታተሉት እየተመናመኑ ነው። አቋሜን ግን በቅድመ ሁኔታ ልናገር። ከ2050 በፊት መድረስ የሚያስችል ጉዞ እስካለ ድረስ ዩራነስ ይቅደም እላለሁ። የማስወንጨፊያው ቀን እየተገፋ ሄዶ ሰሜናዊው ገጽ ወደ ሌሊቱ ከገባ፣ የሚቀጥለው የብርሃን ተራው አሥርት ዓመታት ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ የወቅት መከራከሪያዬ ስለሚወድቅ፣ ኤንሴላዱስ ትቅደም ከሚሉት ጋር ለመፈረም ዝግጁ ነኝ።