ልጁ በነጻ፣ ወንበሩ በአምስት ዩሮ ተኩል

የጀርመኑ የባቡር ኩባንያ ዶይቸ ባን ከጁን 15 ቀን 2025 ጀምሮ የቤተሰብ የወንበር ማስያዣውን አንስቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ እስከ አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ በሁለተኛ ማዕረግ 10 ዩሮ ከ40 ሳንቲም ከፍሎ ወንበሮቹን ይይዝ ነበር። አሁን ሂሳቡ በነፍስ ወከፍ ሆኗል፤ አንድ ወንበር 5 ዩሮ ከ50። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ለአንድ መንገድ 27 ዩሮ ከ50፣ ደርሶ መልስ 55 ዩሮ ማለት ነው። ቀድሞ 20 ዩሮ ከ80 ይበቃቸው ነበር። ትኬቱ ገና አልተነሣም፤ ይህ ለመቀመጥ ብቻ ነው።

የውሳኔው ደጋፊዎች መልሳቸው አጭር ናት፤ «ቦታ ማስያዝ ግዴታ አይደለም።» ልክ ነው፣ አይሲኢ በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ሳያስይዙ መሳፈር ይቻላል። ይህን የሚል ሰው ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ በአንድ እጁ የሕፃን ጋሪ፣ በሌላው የሦስት ዓመት ልጅ ይዞ ከኮሎኝ ሙኒክ የሄደ አይመስለኝም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ምግብ ቤቱ ፉርጎ ውስጥ ቡናውን ይዞ ቆሞ ይደርሳል። ቤተሰብ የሚፈልገው ጎን ለጎን የሆኑ አራት አምስት ወንበሮችን ነው፤ እነዚያ ደግሞ በዕድል አይገኙም። ልጅ ላለው ሰው ግዴታ የሆነውን ነገር «ምርጫ ነው» ማለት ሽሙጥ ነው።

«ልጆች እኮ በነጻ ነው የሚሄዱት» የሚልም አለ። አልክድም። ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉት ትኬቱ ሲቆረጥ ከተመዘገቡ (ይህን የሚረሳው ብዙ ነው) አይከፍሉም፤ ከ6 በታች ያሉት ጭራሽ ትኬት አያስፈልጋቸውም። ጥሩ ሕግ ነው። ታዲያ ምነው በር ላይ ነጻ ያሉትን ልጅ ወንበሩ ላይ ሲደርስ ማስከፈል?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለቤተሰብ የባቡር ተቀናቃኙ አውሮፕላን አይደለም፣ መኪና ነው። መኪና ደግሞ ሰው አይቆጥርም። ከፍራንክፈርት ሽቱትጋርት ለክርስትና የሚሄድ ያገራችን ሰው ከኋላ አንድ ልጅ ይጫን ሦስት፣ ቤንዚኑ ያው ነው፤ አውራ ጎዳናው አውቶባንም ከግል መኪና ክፍያ አይጠይቅም። የቤተሰብ ማስያዣው ብልኃት እዚህ ላይ ነበር፤ ቤተሰቡን እንደ አንድ መኪና ይቆጥረዋል። ሦስተኛ ልጅ ሲወለድ ዋጋው ንቅንቅ አይልም። አሁን ግን እያንዳንዱ ልጅ ደርሶ መልስ 11 ዩሮ ይዞ ይወለዳል። ማታ ልጆቹን አስተኝቶ የጉዞ ሂሳብ የሚሠራ አባት 55ቱን ዩሮ ከትኬቱ ለይቶ አያይም፤ ይደምርና የመኪናውን ቁልፍ ያነሣል። የሚጠፋውም የዚያ ቀን ጉዞ ብቻ አይደለም። መኪና ውስጥ ያደገ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የሚታየው መንጃ ፈቃድ እንጂ የባቡር ሰሌዳ አይደለም። ጥናት አምጣ የሚለኝ ካለ የለኝም፤ ጎረቤቱን ይይ።

የሚያናድደው ደግሞ የሚሸጠው ዕቃ ራሱ ነው። በ2024 የኩባንያው የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ነበሩ፤ ያውም ከስድስት ደቂቃ በታች መዘግየት «በሰዓቱ» ተብሎ፣ የተሰረዘ ባቡር ሳይቆጠር። ቀጣዩ ባቡር ሲያመልጥ ትኬቱ ለሌላ ባቡር ይሠራል፣ የተያዘው ወንበር ግን ካመለጠው ባቡር ጋር ሄዷል። ባቡሩ በሌላ ሲተካ ፉርጎ 7 ጨርሶ ላይኖር ይችላል። የፉርጎዎቹ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ሲመጣ ደግሞ በጣቢያው መድረክ ኤ (A) ክፍል ላይ የቆመው ቤተሰብ ኤፍ (F) ክፍል ድረስ ይሮጣል፤ ዐሥራ ሦስት ፉርጎ ያለው አይሲኢ 374 ሜትር ነው። ባገኙት በር ገብቶ በውስጥ መሄድ ነዋ! ጋሪ በሻንጣ መሃል አያልፍም፣ ሰዓቱም ይቆጥራል፤ ባቡሩ ከተነሣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያልተቀመጡበት ወንበር መብቱ ይቀራል። ደርሰው ቢያዩ ከወንበሩ በላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን ጠፍታለች፤ መረጃው አልተጫነም። የተያዘው ካልተያዘው አይለይም፤ የተቀመጡትም ሰዎች አያውቁም። ባል ስልኩን አውጥቶ ለማያውቃቸው አራት ሰዎች ማስረዳት ይጀምራል።

ወንበሩ ካልተገኘ ክፍያው ይመለሳል፤ ማመልከቻ ሞልቶ ነው። ገንዘቡ ሲመለስ ልጁ ኮሪደር ላይ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ ከደረሰ ሰንብቷል።

በፈረንሳይ ቴጄቬና በጣሊያን ፍሬቻሮሳ ፈጣን ባቡሮች ወንበሩ ትኬቱ ውስጥ ነው። ስዊዘርላንድ ባለ ሁለት ፎቅ ባቡሮቿ ላይ ለልጆች መንሸራተቻ ያለው መጫወቻ ሠርታለች። ዶይቸ ባን መቶ በመቶ የጀርመን መንግሥት ንብረት ነው፤ ስለዚህ «ገበያው ነው» የሚለውን ለሌላ ይንገሩ። የ10 ዩሮ ከ40ውን ማስያዣ ይመልሱ፣ ወይም ወንበሩን ትኬቱ ውስጥ ያስገቡት።