ቀዥቃዣ ማነው?

«ቀዥቃዣ» የምትባለዋ ቃል ደሴ ላይ ሰው ሳትነካ የዋለችበት ቀን ያለ አይመስለኝም። ትርጉሟማ ግልጽ ነው፣ ሐሳቡን እግሩ የሚቀድመው፣ እግሩን ደሞ አፉ የሚቀድመው ሰው ማለት ነው። አመጣጧን የፈለገ ግን መዝገበ ቃላት ከሚያገላብጥ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ይውረድ። «ተንቀዠቀዠ» ብላችሁ ዘመዶቿን ጥሯቸው እስቲ፣ ተንደረደረ፣ ተንገዳገደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተንከባለለ… «ተን» ብሎ የጀመረ ግስ አብዛኛው አርፎ አይቀመጥም እኮ! በዛ ላይ ቀዠ ቀዠ ተብሎ ይደገማል፣ አንዴ ቢቀዥ አይበቃውም ማለት ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ገደማ ናት፣ በዚችው ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፣ እና የሚኒባሱ ሹፌር በግራው ስልክ በቀኙ የጫት ቀንበጥ ይዞ (መሪውን በምን እንደያዘው እሱና ፈጣሪ ይወቁት) ኩርባ ላይ ሲኖትራክ ደርቦ ሊያልፍ ይወጣል፣ ከኋላ አንዷ እናት «ያ ረቢ!» ስትል አጠገቧ ያለችው «እመብርሃን!» ትላለች፣ ረዳቱ ግን ምንም ሳይመስለው ሒሳብ ይሰበስባል። ካለፈ «ልጁ መሪ ይችላል» ነው። ፍሬን ይዞ ከተመለሰ ግን «አንተ ቀዥቃዣ! ልጆች አሉኝ እኮ!»። ልጁ ያው፣ ኩርባው ያው።

ቢሮ አካባቢ ያሉት ደሞ ቀዥቃዣ አይሉም፣ «ግብታዊ» ነው የሚሉት። ይቺኛዋ ከግዕዝ የመጣች ጨዋ ናት፣ ድንገት ማለት ከሆነው «ግብት»፤ የ1966ቱ አብዮት ግብታዊ ነው ምናምን እየተባለ የተማረው ሲጨቃጨቅባት የኖረች ቃል። ስለዚህ ሊስትሮው ሳያስብ ከተነሳ ቀዥቃዣ፣ ኃላፊው ሳያስብ ደብዳቤ ከፈረመ «ግብታዊ ውሳኔ»፣ ባለሀብቱ ሳያስብ ፎቅ ከጀመረ ደሞ ባለራዕይ ይባላል። ፎቁ ሁለተኛው ላይ ቆሞ ብረቱ ቢዝግም ራዕይ ነው፣ አይነካም። (ችኩልን ያላነሳሁት ረስቼው አይደለም፣ ጅቡ ቀንድ ነክሶ በቂ ስም አውጥቶለታል ብዬ ነው።)

በጋብቻማ ጉድ ነው። ሙጋድ ሰፈር አንዱ ጎረምሳ ሐሙስ ልጅቷን አይቶ እሁድ ሽማግሌ ላከ። እናቱ «ልጄ ቆራጥ ነው» እያሉ ቡና ያፈላሉ፣ የልጅቷ አክስት «ምን ዓይነቱ ቀዥቃዣ ነው በአላህ!» ብለው ጓዳ ገቡ። አባትየው ግን ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው፦

«ለመሆኑ ሥራው ምንድነው?»

«የኮምቦልቻ መስመር ሹፌር ነው።»

«ታዲያ ከሐሙስ እስከ እሁድ ምን ሲያደርግ ቆየ?»