ማፊያ ልሄድ ነው

እናቴ ቡና እያፈላች ነው። ሁለተኛው ላይ ደርሰናል። ጥሩ ሰዓት መሰለኝና፣ «እማዬ፣ በታኅሣሥ ማፊያ ልሄድ ነው» አልኳት።

ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ምን አጥፍተህ?»

ማፊያ ደሴት ናት። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ከዛንዚባር በስተደቡብ። ከዳሬሰላም በትንሽ አውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ስሟም ከጣልያኖቹ ጋር ዝምድና የለውም፤ ከዐረብኛ ነው የሚል አለ፣ ከስዋሂሊ ነው የሚል አለ። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። እናቴ የያዘችው ግን የመጀመሪያዋን ቃል ነው። እስከ ማታ ድረስ ሦስት ጎረቤቶች «ልጁ ምን ገጥሞት ነው?» ብለው ደወሉ።

ነገሩ የጀመረው ዱባይ ስሠራ ነው። ዓርብ ዓርብ ፉጃይራ እየወረድኩ ስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር መጥለቅ ተማርኩ። እስከ 18 ሜትር መጥለቅ የሚፈቅድ ካርድ ሰጡኝ። ካርዱን ይዤ አገሬ ገባሁ። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር በሌለው አገር የጠላቂ ካርድ ምን እንደሚሠራ ገምቱት። አንዴ መታወቂያ ረስቼ ለጥበቃ አሳየሁት። ገልብጦ አየውና «ይሄ የጂም ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ዘንድሮ ግን ቆረጥኩ። ጸጥ ያለች ደሴት፣ ትንሽ ሎጅ፣ ጥቂት ሰው። ምርጫው ቀላል መስሎኝ ለጓደኞቼ አማከርኩ። ስህተቴ እሱ ነው። አንዱ «ሲሼልስ!» አለ። የአንድ ሌሊት ዋጋውን አየሁና ገጹን ቀስ ብዬ ዘጋሁት፣ የሰው ቤት በር ተሳስቶ እንደከፈተ ሰው። ሌላው «ዛንዚባር» አለ። የምነምባ ሪፍ፣ ውሃ ውስጥ ያለው የኮራል አለት፣ ውብ ነው፣ አልክድም። ግን እዚያ ጀልባው ብዙ ነው፤ ደግሞ ከቦሌ ተሞሽሮ የወጣ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። 15 ሜትር ጠልቄ የቢሮ ባልደረባዬን ባገኝስ? ውሃ ውስጥም ሆኖ ስለ ሪፖርቱ ይጠይቀኛል።

«ማፊያስ?» አልኩ።

ዝም አሉ። በመጨረሻ አንደኛው እውነቱን ተናገረ። «ማንም የማያውቀው ቦታ ሄደህ ምን ብለህ ትለጥፋለህ?»

ሳቅኩበት። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን እኔም ማፊያን የመረጥኩት ማንም ስላልሄደባት ነው። ፎቶውን ስለጥፍ «የት ነው?» የሚል ሰው እንዲኖር። ጸጥታ ፈላጊ ነኝ ባይ ነኝ እንጂ፣ ጸጥታዬን የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

ደሴቷን ከያዝን ሎጅ መምረጥ መጣ። የአንዱን ማስታወቂያ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ቴሌቪዥን የለም። ኔትወርክ እንደ ልብ አይገኝም። ማታ በፋኖስ ይበላል። እንግዶቻችን ቀኑን ሙሉ በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ።»

«ለዚህ ያስከፍላሉ?»

«በዶላር።»

«ታዲያ አጎትህ ጋ መንዝ አትሄድም?»

ባለቤቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙቅ ውሃ አለው ወይ። እኔ የጻፍኩላቸው ሌላ ነው። ለአንድ የጠላቂዎች መሪ ስንት ሰው ይደርሳል? መሣሪያው መቼ ተፈተሸ? በፍጥነት ወጥቶ የታመመ ጠላቂ የሚታከምበት የግፊት ክፍል በቅርብ የት አለ? ለዚህ ጉዞ ሰው መምረጥ ያለበት በነዚህ ነው፤ አልጋው ላይ አበባ በልብ ቅርጽ መበተኑን በኋላ እናየዋለን።

የግፊቱን ነገር ለእናቴ ያስረዳሁት በአምቦ ውሃ ነው። ጠላቂ የሚተነፍሰው የታመቀ አየር ነው። በጠለቀ ቁጥር ናይትሮጅኑ ደሙ ውስጥ ይሟሟል። በፍጥነት ከወጣ፣ አምቦ ውሃ በድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው፣ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ ቀስ ብሎ መውጣት፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ መቆም። ከፍታ ላይም ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ለቀናት ከጠለቁ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል፤ ጥንቁቆቹ 24 ይላሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ይሄ ነው። ሰማይ ላይ የአውሮፕላን ውስጥ አየር የሚስተካከለው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ተራራ ያህል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ገደማ ናት። እኛ በር ከፍተን ስንወጣም ከአውሮፕላን አልወረድንም ማለት ነው። አስተናጋጅ የለም እንጂ መንገጫገጩስ አለ።

እናቴ አምቦ ውሃዋን ራቅ አድርጋ አስቀመጠች። «ሻርክስ?»

ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። ማፊያ የምትታወቀው በዌል ሻርክ ነው፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ወደ ዳርቻዋ ይጠጋል። ከ12 ሜትር በላይ የሚያድግ፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ። ግን የሚበላው ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮችን ነው። «እማዬ፣ ጾመኛ ሻርክ በይው» አልኳት።

«ለጾመኛነቱ አንተ ነህ ዋስ?»

ጾም ስትል ደነገጥኩ። ታኅሣሥ! የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ነው። የሻርኩም ወቅት ያው ነው። ለሎጁ ጻፍኩ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም አልኩ። ወዲያው መለሱ። «ምንም ችግር የለም! በየቀኑ ትኩስ ዓሣ አለ።»

ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ቤታችን ገባ። አክስቴ ይበላል አለች። እናቴ ሞቼ ነው ቆሜ አለች። ባለቤቴ አሁንም ስለ ሙቅ ውሃው ትጠይቃለች። በመጨረሻ የነፍስ አባታችን ጋ ተደወለና ስልኩ ለእኔ ተሰጠ። ባሕሩን፣ ደሴቷን፣ ሲሊንደሩን፣ ሻርኩን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የደሴቷን ስም ዘለልኩት።

አባ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ለማየት ነው የምትሄደው ለመብላት?»

«ለማየት ነው፣ አባ።»

«ማየት ጾም አይገድፍም» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «ያ ትልቁ ግን አፉ ምን ያህላል አልከኝ?»