ማሕሙድን በሰው ስልክ

ማሕሙድ አህመድ በ2017 ዓ.ም. ሚሊኒየም አዳራሽ ሲሰናበተን እዚያው ነበርኩ። ነበርኩ ልበል እንጂ ያየሁት በስልክ ነው። ስልኩም የኔ አይደለም። ከፊቴ የቆመ አንድ ሎጋ ጎረምሳ ክንዱን እንደ ባንዲራ እንጨት ገትሮ ይቀርጻል። ወደ ግራ ሳዘነብል ስልኩም ወደ ግራ። ወደ ቀኝ ስል ወደ ቀኝ። የ83 ዓመቱ ማሕሙድ አውራ ጣት አክሎ የልጁ መዳፍ ላይ ይወዛወዛል።

«ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ዝቅ አርገው» አልኩት።

«ጋሼ፣ ታሪክ እኮ ነው!»

ታሪክስ ታሪክ ነው። መርካቶ ተወልዶ፣ ሊስትሮ ሆኖ፣ አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ዘፋኞቹ የቀሩ ዕለት ልዝፈን ብሎ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የገባ ሰው ነው። ያን ምሽት ስልክ የሰቀለ አልነበረም። ሰዉ በጆሮው ሰምቶ በቃው።

«መቼ ልታየው ነው ታዲያ?»

ክላውድ ላይ እንደሚቀመጥ አስረዳኝ። ክላውድ ደመና መሆኑን እኔም አላጣሁትም። ከተረት ሁሉ የምወደው ትዝ አለኝ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ያኔ ላሟ አንዲት ነበረች። አሁን ሰማዩ በረት ሆኗል። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ ተበልቶ ያላለቀ ክትፎ ሳይቀር እዚያ ታስሮ ይውላል። አላቢ ግን የለም።

የማሕሙድ ነገር ሲነሳ ደግሞ አንድ ቂም አለብኝ። በ1985 ዓ.ም. «ለአንድ ቀን» ብሎ ካሴቴን የወሰደ ጎረቤት ነበረኝ። እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጥርስ ሰብሬዋለሁ፤ ደኅና ነው ብዬ ሰጠሁት። ሰውዬው ቀዳዳውን ወረቀት ጠቅጥቆ፣ ማሕሙድ ላይ የራሱን ድምፅ ቀድቶ፣ ጂዳ ላለች እህቱ ላከው! «እንደምን አለሽ፣ እኛ ደኅና ነን፣ የአጥሩ ነገር ግን…» እያለ። ስልሳ ደቂቃ ሙሉ ስለ አጥር! ባዶ ካሴት ሱቅ ሞልቶ! ስጠይቀው «ዘፈን እኮ በሬዲዮም ይመጣል» አለኝ። እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ሌላ ድንኳን ባገኘሁ እላለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ስልኩ። ትዝታው ሲጀመር አዳራሹ ፀጥ አለ፤ ጎረምሳው ግን አብሮ መዝፈን ጀመረ። ድምፁ ለጉድ ነው። ስልኩ የሚቀርበው ለሱ አፍ እንጂ ለማሕሙድ አይደለም። ልጁ ጎረቤቴን በምን ይሻላል?

ሲያልቅ ዞር አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ይኼ እንኳ ትንሽ አለሰለሰኝ።

«ጋሼ፣ ቪዲዮውን ልላክልዎ?»

ቁጥሬን ሰጠሁት። እስካሁን አልላከም።