እነሱ አኖሩት፣ እኛ አቃጠልነው

አየርላንዶች አያታቸው ከእንግሊዝ እስር ቤት የጻፈውን ደብዳቤ ዛሬም ያነባሉ። ደብሊን በሚገኘው የኪልሜንሃም እስር ቤት ሙዚየም ለሕዝብ ይታያል፤ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታቸውም በመዝገብ ተይዟል። ይህን ያየ ኢትዮጵያዊ አንጀቱ ይቃጠላል።

ደብዳቤዎቹ ለሁለት አንባቢ የተጻፉ ናቸው፤ አንዱ ቤተሰብ፣ ሌላው ቀድሞ የሚያነበው ሳንሱር። አየርላንዶች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያነሡት የፋሲካው አመፅ ከከሸፈ በኋላ፣ ከመሪዎቹ አንዱ ፓትሪክ ፒርስ ሜይ 1 ቀን 1916 (የእነሱን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከአርበር ሂል እስር ቤት ለእናቱ ጻፈ። በግርጌው ስለ ጠበቀው የጀርመን እርዳታ አንዲት ነገር ጨመረ። ደብዳቤው ተይዞ ቀረ፤ በማግስቱ የጦር ፍርድ ቤቱ ያቺን ግርጌ ማስረጃ አደረጋት። ሜይ 3 ንጋት ላይ ተረሸነ።

ከእሱ በኋላ የታሰሩት ሳንሱሩን ማታለል ተማሩ። የነፃነት ትግሉ መሪ ደ ቫሌራ እንግሊዝ አገር ሊንከን እስር ቤት ሳለ ቅዳሴ ያገለግል ነበር። ከመሠዊያው ሻማ ሰም ሰብስቦ በቄሱ ቁልፍ ላይ ተጭኖ ቅርጹን ወሰደ። አብሮት የታሰረው ሾን ሚልሮይ ደግሞ ለ1918 ገና በካርድ ላይ አንድ ሰካራም ትልቅ ቁልፍ ይዞ ከበር ጋር ሲታገል ሣለ፤ ቁልፉ የእውነተኛው ልክ ነበር። ካርዱ ለእስረኛው ለሾን መጋሪ ሚስት ሲላክ ሳንሱሩ ቀልድ መስሎት አሳለፈው። ችግሩ ደብሊን ያሉትም መጀመሪያ አልገባቸውም። ከገባቸው በኋላ ቁልፍ ሠርተው በኬክ ውስጥ ላኩ፤ አልከፍት አለ። በመጨረሻ ያልተሞረደ ቁልፍና ሞረድ በኬክ ገባ፤ ቁልፉንም ፒተር ደሎክሪ የተባለ ብረት ሠሪ እስረኛ እዚያው ሞርዶ አወጣው። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1919 ሲወጡ ውጭ የሚጠብቀው የትግል ጓዳቸው ማይክል ኮሊንስ የያዘው ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሰበረ፤ ደ ቫሌራ ስባሪውን በራሱ ቁልፍ ገፍቶ አውጥቶ ከሚልሮይና ከመጋሪ ጋር ሦስቱ አመለጡ። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ሰዎቹ ስለተረኩት፣ ሌሎችም ስለመዘገቡት ነው።

እኛስ? በደርግ ጊዜ ስንቅ ያመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ወጡ እየተማሰለ፣ እንጀራው እየተገላበጠ ሲፈተሽ እንኳ ብጣሽ ወረቀት በልብስ ጠርዝ ተሰፍታ ትወጣ ነበር። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» እስኪባል ድረስ። ወረቀቷ እንደተነበበች ትቃጠላለች፤ አሰሳ ቢመጣ ሌላ ሰው ታሳስራለችና። ያኔ ማቃጠሉ ትክክል ነበር። የሚያንገበግበው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው።

የአዲስ አበባውን እስር ቤት ዓለም በቃኝን ተመልከቱ። ከየካቲት 12 በኋላ ጣሊያን ሕዝብ ያጎረበት፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ባለሥልጣናቱ የተረሸኑበት ግቢ ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆመበት። ኪልሜንሃምም በ1924 ተዘግቶ ፍርስራሽ ሆኖ ነበር፤ ከ1960 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በነፃ ጉልበታቸው ጠገኑት። መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም አለን፤ ተመስገን። ከቃጠሎ የተረፉት ወረቀቶች ግን አሁንም በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ እናቶቻችን እያረጁ ነው፤ ግማሹ ሳጥንም ዋሽንግተንና ስቶክሆልም ደርሷል።

ያላችሁ ዛሬ አውጡት። ላሚኔት አታስደርጉት፤ ሙቀቱና ፕላስቲኩ አይመለስም። በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላል። ስፒልና አግራፍ ይዝጋሉና ንቀሉ። እጥፉን በቀስታ ዘርግታችሁ አሲድ በሌለው ወረቀት መሐል ከብርሃን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርጉ። ፖስታ ካለው አትጣሉት፤ ማኅተሙና ቀኑ እዚያ ላይ ነው። ማን እንደጻፈው፣ በማን እጅና በምን ውስጥ ተደብቆ እንደወጣ እናታችሁን ጠይቁና በሌላ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ በራሱ በደብዳቤው ላይ ግን ምንም አትጻፉ።