ተዉአቸው፣ አርጅተዋል

የባሕር ዳር ሰው ልቡ ሰፊ ነው። ጣና እንኳ ዳር አለው፤ የእኛ ይቅርታ ዳር የለውም። በተለይ የተበደለው ሌላ ሰው ከሆነ።

ይህን ደግነት ያላወቁት ሆላንዶች ናቸው። አቶ እሸቱ ዓለሙ ጎጃም ላይ የደርግ ተወካይ ነበሩ። በ1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 እስረኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ። አቶ እሸቱ በኋላ ሆላንድ ገብተው፣ ዜግነት አግኝተው አርፈው ሲኖሩ፣ የሔግ ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ፈረደባቸው። ይግባኝ አሉ። ሰኔ 2014 ጸናባቸው። እኛ ዘንድ ተዝካር በ40 ቀን ይወጣል፤ እነዚህ ከ40 ዓመት በኋላም ሰው ይከሳሉ!

ወሬው ሐይቅ ዳር ካለው ካፌ ሲነሣ ማኪያቶው ቀዘቀዘ። «ምነው፣ በዚህ ዕድሜያቸው!» «ይኼኔ ስኳርም ግፊትም ይኖርባቸዋል እኮ።» አዘንን፣ ከንፈር መጠጥን። 75ቱን ያነሣ የለም። እነሱ መቼስ ስኳር የለባቸውም። የእርጅና በሽታ ለመታመም መጀመሪያ ማርጀት ያስፈልጋል።

«ያለፈውን መቆፈር ምን ይረባል?» አሉ አንድ ጋሼ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። ጠረጴዛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኚሁ ጋሼ በአንድ ክንድ የአጥር ወሰን ጎረቤታቸውን ከሰው ዘጠነኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ወረዳ፣ ዞን፣ ይግባኝ፣ አሁን ደግሞ ሰበር። ፌስታል ሙሉ ማስረጃ ይዘው ይዞራሉ። ወሰን ነዋ! ወሰን እንዴት ይረሳል?

ጥግ ላይ የነበሩት እትዬ «የወንድሜን ሬሳ እንኳ...» ብለው ሲጀምሩ፣ አሳው የት ደረሰ ብለን አስተናጋጁን ጠራን። ጨዋታ ይበላሻላ።

ትልቁ ሊቀመንበርማ ብልህ ናቸው። ግንቦት 1983 ሐራሬ ገቡ። ችሎቱ 12 ዓመት ፈጅቶ በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ሲላቸው እሳቸው አልነበሩም። እዚያው ሆነው ሽበታቸውን ያሳድጋሉ።

እናም እጁ ላይ ደም ያለበት ሁሉ ምክሬን ይስማ። ጠበቃ አያስፈልግም። ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ፣ ትንሽ ሳል። ሰባ ዓመት እስኪሞላ ብቻ ዘወር ማለት። ከዚያ በኋላ ጥላው ሥር ወንበር የምንለቅለት እኛው ነን። ሠርግ ላይም ምርቃት እናስጀምረዋለን።

ጀርመኖች እዚያው ሰኔ 2014 አንድ የናዚ ካምፕ ጠባቂ የነበሩ የ101 ዓመት አዛውንት ላይ 5 ዓመት ፈረዱባቸው። እኛም ብንሆን 5 ዓመት አንነፍጋቸውም ነበር። በዕድር ሊቀመንበርነት።